ከወረቀቱ ጀርባ ጀምሩ



ቅዳሜ ማታ እዚህ ለመድረስ ታክሲውን ያቆመ፣ ፈረቃ የተለዋወጠ፣ ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ብሎ የመጣ እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ «ድምፃችሁ ክቡር ነው» እያልኩ ጊዜያችሁን አልፈጅም፤ እሱን ሰምታችሁ ጠግባችኋል። እኔ የመጣሁት እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ የምርጫ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ምን እንደምታደርጉበት ለማሳየት ነው። የምጀምረውም ከመጨረሻው፣ ብዙዎቻችን ሳናገላብጠው ከምንመልሰው ከወረቀቱ ጀርባ ነው።

ለጥቂት ምርጫዎች በአስተርጓሚነት ድምፅ መስጫ ጣቢያ ውያለሁ። የኛ ሰው ወረቀቱን ይቀበላል፣ መነጽሩን ያወጣል፣ ከላይ ያለውን ትልቁን ስም ያጠቁራል፣ ከዚያ ብድግ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አባት እንዲሁ ሲነሡ «አባቴ፣ ከጀርባውም አለው» አልኳቸው። «ይበቃኛል ልጄ፣ ዋናውን መርጫለሁ» አሉኝ። ዋናው ያሉት ፕሬዚዳንቱን ነው። አስተርጓሚ ያስተረጉማል እንጂ አይመክርም፤ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን አስተርጓሚ አይደለሁምና የልቤን ልናገር። የዲሲ ነዋሪ ፕሬዚዳንት መምረጥ የጀመረው ከ23ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በኋላ፣ በ1964 ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ዴሞክራቱን ሳትመርጥ የቀረችበት ጊዜ የለም፤ ያውም በሰፊ ልዩነት። እኒያ አባት መረጡም አልመረጡም ያ ውጤት ወዲያ ወዲህ አይልም። ጀርባው ላይ ባዶ የተዉት ቦታ ግን አንዳንዴ በጥቂት አሥር ድምፆች ልዩነት የሚያልቅ ነው።

ምን ነበር እዚያ የተጻፈው? እንግሊዝኛው ኤኤንሲ ይለዋል፤ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ማለት ነው። ሰፈሬ ያሉ እናቶች «የዲሲ ቀበሌ» ብለውታል። ስሙ ደስ ይላል፣ ግን ልክነቱ ግማሽ ነው። በዕድሜ እንኳ ይቀራረባሉ። ኤኤንሲ የመጣው በ1973 በወጣው የዲሲ ራስ አስተዳደር ሕግ ነው፤ ነዋሪው በ1974 በድምፁ አጸደቀው። በኛ አቆጣጠር 1966 መሆኑ ነው፣ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት። አዲስ አበባ ላይ ቀበሌን ያመጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ በዓመቱ፣ በ1967 ወጣ። መመሳሰላቸው ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ቀበሌ ስኳርና ዘይት ያድል ነበር፣ መታወቂያ ይሰጥ ነበር፣ በክፉው ዘመን ያስርም ነበር። በዚያ ዘመን ወጣት የነበራችሁ ቀበሌ ሲባል ለምን ሆዳችሁን ባር ባር እንደሚላችሁ ይገባኛል። ኤኤንሲ ማሰር ቀርቶ ማዘዝ እንኳ አይችልም። ደሞዝም የለውም። ሥራው ማማከር ብቻ ነው።

ታዲያ ማማከር ብቻ ከሆነ ምን አደከመን? ዘጠነኛው መንገድ ወይም ጆርጂያ አቬኑ ላይ ምግብ ቤት ያላችሁ መልሱን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የአልኮል ፈቃድ ስታመለክቱ መስኮታችሁ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ አለ። ደንበኛ አልፎት ይገባል፤ ለሰፈሩ ኤኤንሲ ግን ይነገረዋል፣ ኮሚሽኑም ማመልከቻውን መቃወም ይችላል። ሲቃወም ብዙ ጊዜ ነገሩ በስምምነት ያልቃል። ሙዚቃው እስከ ስንት ሰዓት ነው፣ በረንዳው ላይ ስንት ወንበር ይወጣል፣ ቆሻሻው በየት በኩል ይሄዳል የሚሉት ሁሉ በወረቀት ሰፍረው ይፈረማሉ። እስቲ ያን ጠረጴዛ አስቡት። በዚህ በኩል ባለቤቷ ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር፣ በዚያ በኩል የሰፈሩ ኮሚሽነር ተቀምጠዋል። ኮሚሽነሩ አርብ ማታ አዝማሪ የሚጀምረው ከአራት ሰዓት በኋላ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከሆነ ንግግሩ አንድ ዓይነት ነው። «ጩኸት» ብቻ የሚሰማው ሰው ከሆነ ሌላ ዓይነት ነው። ከሁለቱ የትኛው እዚያ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ የሚወሰነው እኒያ አባት ባላገላበጡት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው።

የፓርኪንግ፣ የመንገድ እብጠት፣ ከጎናችሁ የሚሠራ ሕንፃ ጉዳይም በኤኤንሲ በኩል ያልፋል። ሕጉ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለኮሚሽኑ ሐሳብ ትልቅ ክብደት እንዲሰጡ ያዛል። እንዲያው ለአፍ ያህል አይደለም፤ ሐሳቡን ካልተቀበሉት ለምን እንዳልተቀበሉት በጽሑፍ መመለስ አለባቸው። «ነገ ተመለሱ» ሲባል የኖረ ሰው በጽሑፍ የሚሰጥ ምክንያት ምን ያህል እንደሚያወጣ አይጠፋውም።

ከተማዋ በ46 ኮሚሽኖች፣ ኮሚሽኖቹም በ345 ትንንሽ የምርጫ ክልሎች ተከፋፍለዋል። አንዱ ክልል 2,000 ገደማ ነዋሪ ይይዛል፤ ከዚያ አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ይመረጣል፣ የፓርቲ ስም ሳይጠቀስበት። ምርጫው ቁጥሩ ሙሉ በሆነ ዓመት በኖቬምበር ነው፤ 2024፣ 2026፣ 2028 እያለ ይሄዳል። ለመወዳደር ከዚያው ክልል የ25 የተመዘገቡ መራጮች ፊርማ ያስፈልጋል። ሃያ አምስት ሰው! እዚህ አዳራሽ ውስጥ በአንድ ሕንፃ የምትኖሩ እንዳላችሁ አያለሁ፤ እሑድ ጠዋት አሳንሰሩ ውስጥ ወረቀት ይዞ የቆመ ሰው ከቅዳሴ መልስ ይሞላዋል።

አሁን ወረቀቱን ወደ ፊት እንገልብጠው። መሐሉ ላይ ያሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። ከንቲባ አለ። ምክር ቤቱ አሥራ ሦስት ሰው አለው፤ ሊቀመንበሩና አራት አባላት በመላው ከተማ ይመረጣሉ፣ ስምንቱ ከየዋርዱ። ዋና ዐቃቤ ሕጉን ነዋሪው መምረጥ የጀመረው በ2014 ነው። የትምህርት ቦርድም አለ። በዚህ መሐል የምክር ቤቱን ነገር ቀላል አድርጎ የሚያይ ካለ፣ በቲፕ የሚሠሩትን አስተናጋጆች ይጠይቅ። በ2018 ነዋሪው የአስተናጋጆችን መነሻ ደሞዝ ጉዳይ በድምፁ አጸደቀ፤ ምክር ቤቱ ሻረው። በ2022 ነዋሪው ያንኑ እንደገና አጸደቀ። በሐሳቡ የሚስማማም የሚቃወምም እዚህ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ባለ ምግብ ቤቱና አስተናጋጇ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠዋልና ወደዚያ አልገባም። ሕዝብ ያጸደቀውን የሚሽር እጅ የማን እንደሆነ ግን ማወቅ ያሻል።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ልቁም፣ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ስለሆነ። በዲሲ ትልቁ ምርጫ ኖቬምበር ላይ ይመስላል፤ ለከንቲባና ለአብዛኛው የምክር ቤት ወንበር ግን ነገሩ የሚቆረጠው በጁን፣ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ነው። ራስ አስተዳደር ከተገኘ ወዲህ ከዴሞክራቲክ ፓርቲ ውጪ የሆነ ከንቲባ ተመርጦ አያውቅም። ስለዚህ ጁን ላይ ያሸነፈ ኖቬምበር ላይ ብዙም አይጨነቅም። በጁኑ ምርጫ ለመሳተፍ ደግሞ ስትመዘገቡ የፓርቲ አባል ብላችሁ መሙላት አለባችሁ። «ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» ብሎ ፓርቲ የሚለውን ቦታ ባዶ የተወ ስንት የኛ ሰው አለ! አገር ቤት ፓርቲ መግባት ማለት መዋጮና ስብሰባ፣ አንዳንዴም እስር ነበርና አልፈርድባቸውም። እዚህ ግን ፎርም ላይ አንድ ሳጥን ማጥቆር ነው፤ ማንም ስብሰባ አይጠራችሁም፣ መዋጮም የለም። ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ፓርቲ መለወጥ ወይም መጨመር የሚችለው ከጁኑ ምርጫ ቢያንስ 21 ቀን ቀደም ብሎ ነው። በዕለቱ ቢመጣ አይሆንም።

እሺ፣ አሁን ወደ ወጡ። ስትገቡ በር ላይ ትንሽ ወረቀት ተሰጥቷችሁ አራት ምግቦች በምርጫችሁ ተራ ጽፋችኋል። ይህን ያደረግነው ለጨዋታ አይደለም። በኖቬምበር 2024 የዲሲ መራጭ 83ኛውን ሕዝባዊ ሐሳብ አጽድቋል፤ ከ2026 ጀምሮ እንዲሠራበት በታቀደው በዚህ አሠራር መራጭ አንድ ስም ብቻ ሳይሆን እስከ አምስት ተወዳዳሪ በተራ መደርደር ይችላል። «ገና አንዱን መምረጥ አቅቶኝ አምስት?» ያለኝ ሰው አለ። በወጥ እናየዋለን።

41 ወረቀት ተሰብስቧል። አንደኛ ምርጫ ክትፎ ያሉ 16፣ ሽሮ ያሉ 13፣ ጥብስ ያሉ 8፣ ዱለት ያሉ 4 ናቸው። በድሮው አሠራር ክትፎ አሸነፈ፣ ተበላ፣ አለቀ። ግን ልብ በሉ፣ ከ41 ሰው 25ቱ ክትፎ አላሉም። በአዲሱ አሠራር ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 21 ያስፈልጋል፤ ማንም አልደረሰም። ስለዚህ የመጨረሻው፣ ዱለት፣ ይወጣል። ዱለት ያሉት አራት ሰዎች ግን ከአዳራሽ አይወጡም፤ ሁለተኛ ምርጫቸው ይታያል። ሁለቱ ክትፎ ብለዋል፣ አንዱ ጥብስ። አራተኛው ከዱለት በቀር ምንም አልጻፈም። የእርሱ ወረቀት እዚህ ላይ ወደ ጎን ተቀመጠ። ማንም አልሰረቀውም፣ የሚሄድበት ስላልነገረን ነው። አሁን ክትፎ 18፣ ሽሮ 13፣ ጥብስ 9፤ በቆጠራው ውስጥ የቀሩት 40 ናቸው። አሁንም 21 የሞላ የለም። ጥብስ ወጣ። ከዘጠኙ አንዱ ወደ ክትፎ፣ ስምንቱ ወደ ሽሮ ሄዱ። ጥሬ ሥጋ የማይደፍር ሰው ሽሮ ይላል መቼም። ክትፎ 19፣ ሽሮ 21። ሽሮ አሸነፈ።

ከኋላ ማጉረምረም ሰምቻለሁ። «ክትፎ እየመራ እንዴት?» ክትፎ የሚወዱት ብዙ ናቸው፤ ሽሮን ግን «ይሁን፣ እበላዋለሁ» የሚሉት ከእነርሱ በለጡ። ይህ አሠራር የሚፈልገው ያን ነው። ይጥማል አይጥምም የየራሳችሁ ነው፤ እኔ ራሴ ክትፎ ጽፌ ነበር።

አንድ ወንድማችን አራቱም ቦታ ላይ ክትፎ ብሎ ጽፏል። ፍቅሩ ገብቶኛል። አራት ክትፎ ግን የሚቆጠረው እንደ አንድ ክትፎ ነው፤ አንድን ተወዳዳሪ አምስት ጊዜ ማጥቆርም አይጠቅመውም። ሌላ እህታችን ደግሞ «ሁለተኛ የጻፍኩት አንደኛዬን ይጎዳብኝ ይሆን?» ብላ ጠይቃኛለች። አይጎዳም። ሁለተኛው የሚታየው አንደኛው ከወደቀ በኋላ ነው። አደጋው ያለው ሁለት ሰው በአንድ ደረጃ ላይ ስታጠቁሩ ነው፤ ማሽኑ የትኛውን እንዳላችሁ ስለማያውቅ በዚያ ደረጃ የሚቆጠር ድምፅ የለም። የማታውቁትን ሰው ለመደርደርም አትገደዱም። ሁለት ስም ብቻ ብትጽፉ፣ አንድም ብትጽፉ፣ ወረቀቱ አይበላሽም። ይህ ማትሪክ አይደለም፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ነጥብ አያስቀንስም።

ወደ ፖስታው እንለፍ። ዲሲ ውስጥ የተመዘገበ ሰው ሁሉ ወረቀቱ በፖስታ እቤቱ ድረስ ይላክለታል። ሞልታችሁ በተላከላችሁ ፖስታ መልሳችሁ፣ ጀርባውን ፈርማችሁ ትልካላችሁ፤ ቴምብር አያስፈልግም፤ ወይም መንገድ ላይ በሚቆመው የምርጫ ሳጥን ውስጥ ትጨምራላችሁ። ፊርማው ላይ ግን የራሴን ውርደት ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ሞቆ በአማርኛ ፈረምኩ፤ ያውም አባቴ ያስተማረኝን፣ «ገ»ዋን እንደ አንበሳ ጅራት የምትጠቀልለውን። መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማዬ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ በእንግሊዝኛ የጫርኩት ነው። ከሳምንት በኋላ ፊርማህ አልገጠመም የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። የማስተካከያ ቅጹን ሞልቼ መለስኩ፣ ድምፄም ተቆጠረ፤ ደብዳቤውን እንደ ማስታወቂያ ቆጥሬ ብጥለው ኖሮ ግን በኔው አንበሳ ምክንያት ይቀር ነበር። መንጃ ፈቃዳችሁን አውጡና ፊርማውን እዩት። ፖስታው ላይ የምትፈርሙት ያንኑ ነው፣ ቢያስጠላችሁም።

ስማችንም እንዲሁ ያደናግራል። ጣቢያ ሄዳችሁ «የሉም» ብትባሉ ቶሎ አትቆጡ፣ ቶሎም አትመለሱ። አንዲት እናት «ስምዎ የለም» ተብለው ቦርሳቸውን ሲያነሡ ደረስኩ። ሠራተኛዋ በአባት ስም ፈልጋ፣ በአያት ስም ፈልጋ አጥታለች። «ገብረ» እና «ማርያም» ተለያይተው መመዝገባቸውን ሳይ በ«ማርያም» ፈልጊ አልኳት፤ ወጡ። ኃይለ፣ ወልደ፣ ተክለ፣ ገብረ የሚል ስም ያላችሁ ፊደሉን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ፈጽሞ ካልተገኛችሁ በዚያው ዕለት እዚያው መመዝገብ ይቻላል፤ አድራሻችሁን የሚያሳይ ነገር፣ የመብራት ቢል፣ ሊዝ፣ የባንክ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። አከራካሪ ሲሆን ደግሞ ልዩ የሚባለው ወረቀት አለ፤ ሞልታችሁ ትሰጣላችሁ፣ መብታችሁ ከተጣራ በኋላ ይቆጠራል። ቁም ነገሩ ድምፅ ሳትሰጡ ከበር አትመለሱ። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ የምታምኑትን ሰው፣ ልጃችሁን፣ ጎረቤታችሁን ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ የፌዴራሉ ሕግ የሚከለክለው አሠሪያችሁን ወይም የሠራተኛ ማኅበራችሁን ሰው ብቻ ነው። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግም አለ፤ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም።

አሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምናገረው ክፍል ነው፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። ዜግነት ያላገኛችሁ። በ2022 የወጣው የዲሲ ሕግ ዜጋ ያልሆነ፣ 18 ዓመት የሞላውና በከተማው ቢያንስ 30 ቀን የኖረ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲሳተፍ ፈቅዷል፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2024 ነው። ከንቲባ፣ ምክር ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ትምህርት ቦርድ፣ ኤኤንሲ መምረጥ ትችላላችሁ። ፕሬዚዳንትና የኮንግረስ ተወካይ ግን በፍጹም። የምዝገባ ቅጻችሁም የተለየ ነው። ኮንግረስ ውስጥ ይህን ሕግ ለመሻር ተደጋጋሚ ሙከራ ተደርጓል፤ ስለዚህ ወረቀት ከመሙላታችሁ በፊት በዚያ ሳምንት ያለውን አጣሩ።

ከሁሉ የምፈራው አንድ ቃል ነው። «እሺ»። አስተዳደጋችን ነው፤ ሰው ሲጠይቀን ያልገባንንም «እሺ» እንላለን። መንጃ ፈቃድ ቢሮ ጸሐፊዋ እየተጣደፈች የአሜሪካ ዜጋ ነህ፣ መራጭ ሆነህ መመዝገብ ትፈልጋለህ ብላ ስትጠይቅ፣ ከኋላ ሰልፍ አለ፣ «እሺ፣ የስ» ይባላል። ያቺ «የስ» በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ዜግነት ስታመለክቱ ቅጹ ራሱ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል፤ «ቋንቋው አልገባኝም ነበር» ማለት ብዙ ጊዜ አያድንም። ግሪን ካርድ የያዛችሁ፣ የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ፣ ሕጉ ቢፈቅድላችሁም መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁን አማክሩ። «አትምረጡ» አላልኩም። የትኛውን ቅጽ እንደምትሞሉ ሳታውቁ ብዕር አታንሡ ነው ያልኩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ የመጣችሁ እንዳላችሁም አውቃለሁ፣ መኪናችሁን በር ላይ አይቼዋለሁ። የነገርኳችሁ የዲሲን ነው። የከተማዋን ወሰን ስትሻገሩ ሕጉ ይለወጣል። ቨርጂኒያ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ዲሲ አብዛኛው መራጭ አይጠየቅም። ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችን ለከተማው ምርጫ መቀበል የጀመረችው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ የ16 ዓመት ልጅም ይመርጣል። መንገዱን ተሻግሮ የሚኖረው ጎረቤት ግን አይችልም። ስለዚህ የአክስት ልጅ በስልክ የነገረቻችሁን ሳይሆን የራሳችሁን አድራሻ ሕግ ጠይቁ።

አሁን የናሙና ወረቀት ይታደላል። የተወዳዳሪዎቹ ስም የፈጠራ ነው፤ የአጎቴን ስም ያገኘ እንዳይደነግጥ። በእርሳስ ሙሉ፣ ስትጨርሱ ገልብጡ፣ ጀርባውንም ሙሉ። ሽሮው ሊደርስ አሥር ደቂቃ ይቀረዋል ተብያለሁ፤ እስከዚያ ጥያቄ እንቀበላለን። አባታችን እጃቸውን ካወጡ ቆይተዋል፤ ማይኩን ስጧቸው።